የአራት ኩንታል ዋስትና

አዲስ አበባ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ አድማሴ፣

የጥምቀቱ ረድኤት በቤትዎ ይደር፤ ከብትዎን ከበሽታ፣ ክምርዎን ከእሳት ይጠብቅልዎ እያልሁ ጎንበስ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይ? የርብ ዳሩ ሩዝ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ገባልዎት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ለጤናዬ ደህና ነኝ።

ባለቤትዎ እማማ ወለተ ሐና ካረፉ ወዲህ አንድ መስመር ሳልጽፍልዎት ሦስት ዓመት ማለፉን አውቀዋለሁ። የወንድማቸው የልጅ ልጅ ሆኜ፣ በልጅነቴ በቤትዎ ክረምት ከርሜ፣ ለተዝካራቸው አለመምጣቴን ሰው ሁሉ እንደታዘበኝ ነግረውኛል። ፈተና ላይ ነበርሁ። ምክንያት ብዬ አይደለም፤ እንዲያው ይወቁልኝ ብዬ ነው። አባቴም ካረፈ በኋላ ከቤተሰቡ ትልቅ ሰው ብዬ የምጽፍለት ከእርስዎ ሌላ የለኝም። ስልክ ቤቴ አይገባም ማለትዎን ስለማውቅ ይህን ደብዳቤ ከወረታ ሩዝ በሚያመላልሰው በአይሱዙ ሾፌሩ በመንግሥቴ እጅ ልኬዋለሁ።

በሒሳብ አያያዝ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እስካሁን ሥራ የለኝም ነበር። አሁን ግን አገኘሁ፣ አያ። ክንፈ ወርቅ ኢንተርናሽናል የሚባል ድርጅት በቴሌግራም ያወጣውን ማስታወቂያ አይቼ ጠዋት ጻፍሁላቸው፤ ማታውን "እንኳን ደስ አለሽ፣ ተቀጥረሻል" የሚል መልስ መጣልኝ። ደመወዙ በወር ሠላሳ ስምንት ሺህ ብር ነው። መጋቢት ላይ እጀምራለሁ።

የጎደለኝ ዋስ ብቻ ነው። ደመወዝተኛ ዋስ የሌለው ሰው ሃያ ሺህ ብር ማስያዣ ያስገባል፤ ሦስት ወር ከሠራ በኋላ ይመለስለታል ብለዋል። ከእርስዎ ደጅ የመጣሁት ሌላ በር ሁሉ አንኳክቼ ነው። እምቢ ቢሉኝም አልቀየምም።

ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ።

የልጅ ልጅዎ
አምሳል

*

ርብ ዳር
ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአምሳል፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። የሰማይ አምላክ ከክፉ ሰው ይጠብቅሽ፤ ከራስሽም ጅልነት እንዲጠብቅሽ ጨምሬ ለምኛለሁ። ጉልበቴ እንደነበረ ነው። ሩዙ ገብቷል።

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። መንግሥቴ "ልጻፍልዎት" ብሎኝ ነበር። ዳዊት ሳልደግም ከቄስ ትምህርት ቤት የወጣሁ ሰው ብሆንም ፊደሉን አልጣልሁትም፤ አንተ መሪ ያዝ አልሁት። እስክጨርስ ድረስ ሁለት ቀን ስለፈጀብኝ መኪናው ሄዶ ሌላ ዙር ጠበቅሁ። ይጠብቅ። ለጅል የሚጻፍ ደብዳቤ አይቸኮልበትም።

አሁን ነገርሽን እንየው። ጠዋት ጻፍሁ፣ ማታ ተቀጠርሁ ትያለሽ። ማን አየሽ? በየት በኩል አየሽ? አራት ዓመት ሒሳብ ተማርሽ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ሒሳቡ ይህን አይነግርም?

እኔ ሠላሳ ዓመት ሠራተኛ ቀጥሬአለሁ። ሩዝ ሲደርስ ገና ጎህ ሳይቀድ ወረታ እገባለሁ። ከደጋው የወረዱት ሰዎች ማጭዳቸውን ይዘው መንታ መንገዱ ላይ ቆመዋል። አንዱን እጠራና ማጭዱን ተቀብዬ ስለቱን በአውራ ጣቴ እዳስሳለሁ። መዳፉን ገልብጬ አያለሁ። ከየት መጣህ እላለሁ። አባትህ ማን ይባላል፣ አምና የማንን አጨድህ፣ ዘንድሮ ለምን ወደዚያው ሰውዬ አልተመለስህም እላለሁ። ያፈረ እንደሆነ እተወዋለሁ። ይህን ሁሉ የምጠይቀው ለሁለት ቀን አጨዳ ነው። አንቺን ሠላሳ ስምንት ሺህ ሊከፍል የተነሣው ሰው ግን አንዲት ነገር አልጠየቀሽም። የማይጠይቅ ቀጣሪ ሥራሽን አልፈለገም፤ ሌላ የፈለገው ነገር አለ። ምን እንደሆነም ራሱ ጽፎልሻል፤ ሃያ ሺህ ብር።

ደግሞ የሚያበላው ቀጣሪው ነው። እኔ ላጨደልኝ ሰው ጠላና ምሳ አቀርባለሁ፤ ማታ ገንዘቡን በእጁ እሰጣለሁ። "አያ አድማሴ፣ ይቅጠሩኝና እኔ አስቀድሜ አንድ ቁና ልስጥዎት" ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ቢገጥመኝ ዱላዬን አነሣ ነበር። ከተማ ገብታችሁ እንዲህ ያለውን ነገር በወረቀት ጠቅልለው ሲሰጧችሁ "ማስያዣ" ትሉታላችሁ። ስሙ ሲያምር ነገሩ ያማረ ይመስላችኋል።

አሁን እንዲህ አድርጊ። ቢሮአችሁን መጥቼ ልየው በይ። ከእናንተ ጋር የሚሠራ የአንድ ሰው ስም ስጡኝ፣ ልጠይቀው በይ። ከስንቱ ሰው መካከል እኔን ለምን መረጣችሁ በይ። የሚሉሽን ጽፈሽ ላኪልኝ።

ብር አልልክም። ለተዝካሩ አለመምጣትሽን አልረሳሁም።

አድማሴ

*

አዲስ አበባ
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ አድማሴ፣

ጸሎትዎ ይድረሰኝ፤ ውለው ያደሩበት ቤት ሁሉ ሰላም ይሁን። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ሁለቱን ጊዜ ተናድጄ ነው ያነበብሁት።

አያ፣ እኔ ጅል አይደለሁም። መቶ አርባ ቦታ አመልክቻለሁ። ሰው የሚያየኝ፣ የሚጠይቀኝ ቦታማ ሞልቶ ነበር፤ አይተው ጠይቀው ሲያበቁ "እንደውልልሻለን" ይላሉ። አብራኝ ቤት የተከራየችው ልጅ የሁለት ወር ኪራይ ለእኔ ከፍላለች። አንድ ሰው ሳይጠይቀኝ እሺ ቢለኝ ደስ ማለቱ እንዴት ይፈረድብኛል?

የሆነው ሆኖ እንዳዘዙኝ ጠየቅሁ። ቢሮአቸው ቦሌ መንገድ ላይ ባለ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ግን የዋስትናው ጉዳይ ሳያልቅ እንግዳ አይገባም አሉ። የሠራተኛ ስም መስጠት በሕጋቸው ክልክል ነው። ለምን መረጣችሁኝ ስላቸው "በሲቪሽ ተደንቀን ነው" አሉኝ። ሲቪዬን ጭራሹን እንዳልላክሁላቸው ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው። የረሱ መስሎኝ ያን ጊዜውኑ ላክሁላቸው።

አንድ ያልነገርሁዎትም ነገር አለ። የፎርም ተብሎ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ከፍያለሁ። ከዚያች ልጅ ተበድሬ ነው።

ግን ሥራ አስኪያጁ አቶ አሸናፊ ራሳቸው በስልክ አነጋግረውኛል። ሰው ይመስላሉ። ስለ እርስዎ፣ ስለ ርብ ዳር፣ ስለ ሩዝዎ ሳወራላቸው በደስታ ሰሙኝ፤ የአገራችን ሰው ናቸውና። ለእርስዎ ደብዳቤ ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው በፖስታ ልከውልኛል። ከዚሁ ጋር አያይዣለሁ። አንብበው ይፍረዱ።

አምሳል

(ከዚሁ ጋር የተያያዘ)

ለክቡር አባታችን ለአቶ አድማሴ፣

እኔ ልጅዎ አሸናፊ ከጣራ ገዳም ሥር የተወለድሁ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። በዚያ አገር የእርስዎ ስም ሲነሣ ሽማግሌው ከመቀመጫው ብድግ ሲል እያየሁ አድጌአለሁ። እንደ እርስዎ ያለ ሰው "ዋስ ነኝ" ካለ ቃሉ ብቻ በበቃን ነበር፤ የድርጅታችን ሕግ እጄን ስላሰረው አፍራለሁ። ገንዘብ መላክ ለእርስዎ የማይመጥን ድካም ስለሆነ፣ ከእጅዎ ፍሬ አራት ኩንታል ሩዝ ቢልኩልን በማስያዣነት እንመዘግበዋለን። ልጅቱን እንደ እህቴ አያታለሁ። ስልኬ ከታች አለ። እግርዎን ስሜአለሁ።

*

አዲስ አበባ
የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ አድማሴ፣

በችኮላ ስለምጽፍ ሰላምታዬን አሳጥሬአለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

እባክዎን ምንም ነገር እንዳይልኩ። ሩዝም ቢሆን፣ ቃልም ቢሆን።

ከእርስዎ ደብዳቤ ውስጥ "ቢሮውን መጥቼ ልየው በይ" የምትለዋ አልለቀቀኝ አለች። አትምጪ ቢሉኝም ትናንት ሄድሁ። ሕንፃውን አገኘሁት። ከታች ቆሜ ፎቁን ቆጠርሁት። ሦስት ነው። አራተኛ ፎቅ የለውም። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ደግሜ ቆጠርሁ።

ዘበኛውን "ክንፈ ወርቅ የሚባል ድርጅት እዚህ አለ?" አልሁት።

"አንቺ በዚህ ሳምንት አምስተኛዋ ነሽ" አለኝ። "ያለፈችዋ እናቷን ይዛ ነበር የመጣችው።"

"ታዲያ ለፖሊስ አትነግሩም?"

"ነግረናል። ሰዎቹ እዚህ የሉ፣ ማንን ይያዝ? አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ይያዝ?"

አጠገቡ ጫማ የሚጠርገው ሰውዬ ሳቀ። እኔም ከመሳቅ ሌላ ምን ላድርግ፣ አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ታክሲ ውስጥ አለቀስሁ።

መንግሥቴ ወደ ወረታ ተመልሷል ስላሉኝ ይህን በሌላ ሾፌር ልኬዋለሁ። መንገዱ እየተዘጋ እየተከፈተ ነው ይላሉ። ቶሎ እንዲደርስዎ እጸልያለሁ።

አምሳል

*

ርብ ዳር
የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአምሳል፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ከአገርሽ ሰው ጋር ያገናኘሽ አምላክ ይመስገን፤ ለአንቺማ ቢተው ኖሮ ነገሩን አበላሽተሽው ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን መጀመሪያ ለምን አልጻፍሽልኝም? "ቴሌግራም" ብለሽ ጀመርሽ። "የመሪጌታ ልጅ ቀጠረኝ" ብትዪ አንድ ቀን አልፈጅም ነበር። ደብዳቤውን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለሰው አስነብቤዋለሁ። ለመሪጌታ ገብረ ሐናም አሳየኋቸው፤ "ይህ የጨዋ ልጅ ነው፣ ማን ይሆን አባቱ" አሉ። ማን እንደሆነ አላወቁትም። እሳቸውማ ከአጠገባቸው ያለውንም ሰው ማወቅ አቁመዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል።

ከአንቺ ደብዳቤና ከእሱ ደብዳቤ የቱ የተማረ ሰው ደብዳቤ ነው ብባል አልቸገርም። አንቺ "በሲቪ" ትያለሽ። እሱ እግርዎን ስሜአለሁ ይላል።

ባንክ ቤት አልገባም፤ በስልክ የሚሄድ ብርም አላምንም፤ ሩዝ ላኩ ማለቱ ሰው ማወቁን ያሳያል። አራት ኩንታል በመንግሥቴ መኪና ጭኜአለሁ። ከነገለባው ነው የላክሁት። የመፈልፈያ ቤቶቹን አላስጠጋም፤ ዋጋ ተቀብለው ደግሞ ስባሪውን ያስቀራሉ፣ እብቁን ያስቀራሉ፣ አሞሌ ጨው የጠፋባቸው ይመስል መሬቱን ይጠርጋሉ። አሸናፊ የአገር ልጅ ስለሆነ የት እንደሚያስፈለፍለው ያውቅበታል።

ስልኩን ለመንግሥቴ ሰጥቼዋለሁ። ሩዙን ለአሸናፊ በቀጥታ በእጁ ይሰጠዋል። በአንቺ በኩል አላደረግሁትም፤ አንቺ ሰው ፊት ትንተባተቢያለሽ፣ ታሳፍሪኛለሽ።

ሥራሽን ስትጀምሪ ለሰውዬው ታዘዥ። እንደ ከተማ ልጅ ቃል አትመላለሺው።

አድማሴ

*

አዲስ አበባ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ አድማሴ፣

ሁዳዴው የበረከት ይሁንልዎ፤ ጾሙን በጤና ያስፈጽምዎ። የየካቲት 11ዱ ደብዳቤዬ ከሩዙ በኋላ እንደደረሰዎት ገምቻለሁ። አሁን የምጽፈው ነገር ሊያስቆጣዎት ይችላል፤ ቢሆንም ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል።

ቅዳሜ መንግሥቴ ደወለልኝ። "አምሳል፣ እህል በረንዳ ገብቻለሁ። የአያ አድማሴን ሩዝ ይዣለሁ፤ ተቀባዩ ሰውዬ እየመጣ ነው። ለአንቺም ደብዳቤ አለሽ" አለኝ። እንዴት እንደደረስሁ አላውቅም። ስደርስ ሰውዬው ፒክአፕ አቁሞ፣ የአንዱን ጆንያ አፍ ፈትቶ እጁን ከቷል። ወጣት ነው። ጫማው ያብረቀርቃል።

"ምንድን ነው ይሄ?" ይላል።

"ሩዝ ነዋ" አለ መንግሥቴ።

"ሩዝ ነጭ አይደል እንዴ? ይሄ ገብስ ነው። ሽማግሌው ሸወዱኝ በለኛ።"

መንግሥቴ ከጆንያው እፍኝ ዘግኖ አየው። ጫኞቹ ጆንያ እንደተሸከሙ ቆሙ። "ጌታዬ" አለው፣ "እርስዎ የጣራ ገዳም ልጅ ነዎት ብለውኝ ነበር።"

"ነኝ። ምን ሆንሁ?"

"ምንም። እዚያ ተወልዶ ይህን ገብስ ያለ ሰው አላየሁም። ከገዳሙ ቁልቁል ሲያዩት እስከ ሐይቁ ድረስ የተዘረጋው ይኸው ነው።"

"እኔ ልጅ ሆኜ ነው የወጣሁት።"

"ስንት ዓመትዎ?" አለ አንዱ ጫኝ። "ጡት ሳይጥሉ?"

እኔ ተጠግቼ "አቶ አሸናፊ፣ እኔ አምሳል ነኝ" አልሁት። ዞር ብሎ አየኝ።

"የትኛዋ አምሳል?" አለኝ።

አያ፣ ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ ነገር አልቀረም። ብቻ "ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብሬን" አልሁት። "የፎርም አይመለስም" አለ፤ እጁን አራገፈና መኪናው ውስጥ ገባ። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ለመንግሥቴ "ገብሱን በሩዝ ቀይሩና ደውሉልኝ" አለው። ጫኞቹ መኪናውን በጥፊ እየመቱ ሸኙት። ታርጋውን መንግሥቴ ጽፎልኝ ለፖሊስ ሰጥተናል፤ የሚሆነውን እናያለን።

አራቱም ኩንታል አንድም ፍሬ ሳይጎድል ተርፏል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወይዘሮ ደብረወርቅ የሚባሉ የእህል ነጋዴ ከመጋዘናቸው በር ላይ ሚዛናቸው አጠገብ ተቀምጠው ያዩ ነበር። "አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ" አሉኝ። የማን ልጅ ነሽ አሉኝ። ምን ተማርሽ፣ ሁለት ዓመት ለምን ሥራ አጣሽ፣ ከማን ጋር ትኖሪያለሽ፣ ቤተ ክርስቲያን የት ትስሚያለሽ አሉኝ። "ሁለት ኩንታል ከሠላሳ ሰባት ኪሎ፣ ኪሎው በዘጠና ሁለት፣ ስንት ነው?" አሉ። "ሃያ አንድ ሺህ ስምንት መቶ አራት" አልኋቸው። እሳቸውም በስልካቸው መትተው አዩት። "ጸሐፊዬ አግብታ ሄዳለች" አሉ። አንድ ወር ሙከራ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የሚከፈል፤ በወር ዘጠኝ ሺህ ብር።

እሳቸውም ዋስ ይፈልጋሉ። "ብርሽን አልፈልግም" አሉኝ። "ሰው ነው የምፈልገው። ነገ ገንዘብ ይዘሽ ብትጠፊ ሄጄ ደጁ ላይ የምቆምበት ሰው።" እርስዎን ነገርኋቸው። ከቀበሌ ማኅተም ያለበት የዋስትና ደብዳቤ ቢልኩ ይበቃል ብለዋል። ሩዙንም እርስዎ እስኪወስኑ ድረስ መጋዘናቸው አስቀምጠውታል፤ ደረሰኙ እኔ ጋ ነው።

አምሳል

*

ርብ ዳር
መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአምሳል፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ሩዙን ከነገለባው የላክሁት ሆን ብዬ ነው። ፈተና ነበር። የአገር ልጅ ከሆነ ያውቀዋል፣ ካልሆነ ይጋለጣል ብዬ ነው። መጀመሪያ ያልነገርሁሽ አፍሽን ስለማላምን ነው። ይህን ለሚጠይቅሽ ሁሉ እንዲሁ ብለሽ ንገሪ። ለመንግሥቴም ንገሪው፤ ወረታ ላይ ሌላ ነገር እያወራ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ሾፌር ነው፣ ምን ያውቃል።

እንደዚያ ያለው ሰው ከሰው አይቆጠርም። ከብት ነድቶ የሚሄድ ሌባ ቢያንስ ሌሊት ጭቃ ያቋርጣል፣ ውሻ ይነክሰዋል። ይህ ግን ጫማውን አሳምሮ ቁጭ ብሎ የሴት ልጅ ተስፋ ይሸጣል፤ የሸጠባትንም ስሟን አያውቅም። ሩዝና ገብስ የማይለይ ሆድ ነው ያለው።

የነጋዴዋን ነገር በተመለከተ፣ ዋስ አልሆንም። ነጋዴ የሚያምነው ሚዛኑን ነው፣ እሱንም ራሱ ጎትቶ አስተካክሎት። ደግሞ ቀበሌ አልሄድም። መሬት በተለካ ጊዜ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ አቁመውኝ፣ ወለተ ሐና ውኃ ይዛልኝ ስትመጣ "ተራ ጠብቂ" ብለዋታል። ሁለተኛ ደጃችሁን አልረግጥም ብዬአለሁ። ያልሁት ነገር ያልሁት ነው።

ስለ አሸናፊ ከዚህ በኋላ አትጻፊልኝ።

አድማሴ

*

አዲስ አበባ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ አድማሴ፣

ጤናዎን፣ ጾሙን፣ ቤትዎን ሁሉ አምላክ ይጠብቅልዎ።

ፈተና ከነበረ ጥሩ ፈተና ነው። ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንዳዘዙኝ እናገራለሁ። ጆንያዎቹ ሲጫኑ እርስዎ በየአፋቸው ላይ ሲያማትቡ እንደነበር፣ "ለመሪጌታ ልጅ ነው፣ አንድ ፍሬ እንዳይፈስ" እንዳሉት መንግሥቴ ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን የማምነው እርስዎ የጻፉልኝን ነው።

ወይዘሮ ደብረወርቅ እስከ መጋቢት 25 ጊዜ ሰጥተውኛል። ከዚያ በኋላ ሌላ ልጅ ይቀጥራሉ። ሌላ ዋስ ስፈልግ ከርሜአለሁ፤ ሰው ሁሉ ለማያውቀው ልጅ ዋስ መሆን ይፈራል፣ አልፈርድባቸውም። ለቀበሌው ያሉትን ቃል እንዲያጥፉ አልጠይቅዎትም። እማማን እንዲያ ማለታቸውን አላውቅም ነበር።

አብራኝ ያለችው ልጅ በዚህ ወር መጨረሻ ወደ ወንድሟ ቤት ትገባለች። እኔም ወደ አገር ልመለስ እንደሆነ በሚመጣው ደብዳቤ አሳውቅዎታለሁ። ቅር አይበልዎ።

አምሳል

*

ርብ ዳር
መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ደብረወርቅ፣
እህል በረንዳ፣ አዲስ አበባ

ሳንተዋወቅ ለምጽፍልዎት ለእርስዎ ሰላም ይሁን። ለሚዛንዎ ደግሞ ቀናነትን ይስጠው።

እኔ አድማሴ እባላለሁ። የአምሳል አያት እኅት ባል ነኝ፤ ሚስቴ አርፋለች። ልጅቱ ዋስ አጣሁ ስላለች ቀበሌ ሄጄ ነበር። አልሄድም ብዬ ነበር፣ ሄድሁ። ግማሽ ቀን አቆሙኝ። ማኅተሙ ከታች አለ፤ ጠርዙ ደብዝዟል፣ ቀለም ቢገዙ ምን ነበረበት።

ዋስትና ላይ የልጅቱ ጠባይ ይጻፍ ብሎ የቀበሌው ጸሐፊ ሊጽፍልኝ ቃጥቶ ነበር። "ታማኝና ታታሪ" ይላል። ለሁሉም የሚጽፈው እሱኑ ነው፤ ባለፈው ወር በሬ ሰርቆ ለተያዘ ሰው ጽፎለታል። ወረቀቱን ተቀብዬ በራሴ እጅ ልጻፍ አልሁት። "ይችላሉ?" አለኝ። እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰድሁ።

የልጅቱ ጠባይ ይህ ነው። አንድ አታላይ ለእሷም ለእኔም ጻፈ። እሷ ሥራ ፈላጊ ናት፣ ተርባለች፣ ኪራይ አልከፈለችም፤ ማመን ያለባት እሷ ነበረች። እሷ ግን አትምጪ የተባለችበት ድረስ በእግሯ ሄዳ ፎቁን ቆጠረች። እኔ ጠግቤ፣ ቤቴ ተቀምጬ፣ ስሜ ሲጠራ ሰው ብድግ ይላል ስላለኝ አመንሁት። ደብዳቤውን ቤተ ክርስቲያን ወስጄ ሰው አስነበብሁ። ሩዙን ከነገለባው የላክሁትም ለመፈተን አይደለም። የመፈልፈያውን ዋጋ ሰስቼ ነው። ለእሷ ሌላ ነግሬአታለሁ። አውቃ ዝም አለችኝ። እንዲህ ያለ ሰው ገንዘብዎን ቢቆጥር አይጎድልብዎትም፤ ቢሳሳቱም ፊት ለፊት አይነግርዎትም። የኋለኛው ጠባይ ለነጋዴ ደግ አይደለም፣ እሱን እንዲያስተዉአት እለምናለሁ።

ብትጠፋ ይምጡ። ከወረታ ወጥተው በጎንደር መንገድ ወደ ርብ ድልድይ ሲደርሱ የአድማሴ ቤት የት ነው ብለው ይጠይቁ፤ ከጎረቤት ክፉውን ሽማግሌ ያሳዩዎታል። ሁለት በሬና አንድ ላም አለኝ፣ የሚወስዱትን ይመርጣሉ። ጠላ ግን አላቀርብልዎትም።

አራቱን ኩንታል አስፈልፍለው ይሽጡት። ከእሱ ላይ ለአምሳል ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ይስጧት፤ የተበደረችውን ትክፈል። የቀረውን ለአንድ ክፍል ቤት ኪራይ ታድርገው። ስባሪውን እንዳያስቀሩባት፤ እኔ አራት ኩንታል ስንት እንደሚወጣው አውቃለሁ።

በእኔና በልጅቱ መካከል ዋስ መሆን የሚገባው ማን እንደሆነ ከላይ ከጻፍሁት ተረድተውታል። ቀበሌው ግን የሚያትመው መሬት ላለው ሰው ስለሆነ እኔ ፈርሜአለሁ።

ይህን ደብዳቤ አያሳዩአት። አሳያታለሁ ካሉም፣ መጀመሪያ የቀን ሥራዋን ትጨርስ።

አድማሴ